ስለ ደንና ስለ ምንጭ ውሃ

የተወደዳችሁ የገነተ ማርያም ካህናትና ምእመናን ሆይ፤ በኢዮቤልዩ በዓል ጊዜ የአባቶችን ሥራ ማሰብ የተገባ ነው። ስለ ሕንጻውና ስለ ሥዕሉ ብዙ ተነግሯል፤ እኔ ግን ሕንጻው ስለ ቆመበት አገር፥ ይልቁንም ስለ ደኑና ስለ ውሃው ጥቂት እናገራለሁ።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈልፍላ የተሠራችው ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል፤ የንጉሡም ሥዕል በግድግዳዋ ላይ አለ። ስሟ ገነት ነው፤ ገነትም ያለ ዛፍና ያለ ውሃ ገነት አትባልም።

በላያችን ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታው ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በዚያ ጓሳውና አስታው፥ ጅብራውም ሳይነካ በቆየበት ስፍራ ዝናቡ በቅጠል ላይ አርፎ በቀስታ ይወርዳል፤ አፈሩም ይጠጣዋል። ረግረጉም ውሃውን እንደ ጋን አቈይቶ በበጋ ጥቂት በጥቂት ለምንጩ ይሰጠዋል። ዛፉ ተቈርጦ ሣሩ ከተጋጠ ግን ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ረግረጉ በደለል ይሞላል፤ ክረምቱ ጎርፍ፥ በጋውም ጥማት ይሆናል።

አባቶች ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ዙሪያ የጥድ ደን እስከ ዛሬ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በውሃ ላይ በእንጨት ርብራብ እንደ ተመሠረተ አበው ይናገራሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም የመናገሻን ደን ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር እንዳስተከሉ ይተረካል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያን የመሬት ይዞታ ቀረ፤ በብዙ አገርም በቅጥሯ ውስጥ ያለው ዛፍ ከጥንቱ ደን የተረፈ ብቻ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ለደረሰው ራብ ድርቅና ጦርነት ምክንያት ቢሆኑም፥ የተራቈተው መሬት ጉዳቱን አከበደው።

ነገር ግን ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ ረድቷል፤ ዳሩ ግን ፈጥኖ ስለሚያድግ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ከምንጭ ራስና ከረግረግ ዳር ሲተከልም ውሃውን ያሳንሳል። ቢሆንም ድኻው ባሕር ዛፉን ሸጦ ልጆቹን ያበላል፤ ስለዚህ ንቀል ብሎ መገሠጽ ብቻ አይበቃም። ባሕር ዛፉ ከምንጭ ርቆ ይተከል፤ በምንጩ ራስ ጥድ፥ ወይራና ኮሶ ይቁም፤ ረግረጉም ከከብት ይከለል፤ ሣሩ በተራ ይታጨድ።

ካህናት ሆይ፥ ጠበሉ ከዚሁ ምንጭ ነው። እናቶች እንስራ ተሸክመው የሚወጡት ዳገት የሚረዝመውም የሚያጥረውም በእኛ ሥራ ነው። አባቶቻችን አለት ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ትተውልናል፤ እኛም ለልጆቻችን የማይደርቅ ምንጭ እንድንተው እግዚአብሔር ይርዳን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። አሜን።