ከምናለሽ ተራ ወደ ኮተቤ
ኮተቤ ያደግን ልጆች የቆራሌውን ድምፅ ከሩቅ እንለየዋለን። ማዳበሪያ ተሸክሞ በየበሩ እየዞረ ጣሳ፣ ጠርሙስና አሮጌ ጫማ ይገዛል፤ የሰበሰበው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። መርካቶ ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የሰፋ ነው። እዚያ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ይህን የድሃ ሥራ ነው ብለው ሲንቁት ያናድደኛል፤ እኔ የማየው ምህንድስና ነው።

የሃይላንድ ጠርሙስ ግን ለመዶሻ አይገዛም፣ ሙቀት ይፈልጋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ሂዩ ላይማን የተባሉ የ83 ዓመት አሜሪካዊ የፕላስቲክ ፍሬ አቅልጦ የ3ዲ ማተሚያ (ፕሪንተር) ክር የሚያወጣ የቤት ውስጥ ማሽን ሠርተው ውድድር አሸነፉ፤ ንድፉንም ለሁሉም ክፍት አደረጉት።

ከሃይላንድ ጠርሙስ ይህንኑ ክር የምሠራበት የእኔ ማሽን ከዚያም ይቀላል። ጠርሙሱ ታጥቦ ቂጡ ይቆረጣል፤ በሁለት ኩሽኔታ መካከል የተያዘ ምላጭ ዙሪያውን እየላጠ ረጅም ጥብጣብ ያደርገዋል። ጥብጣቡ 220 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ቀዳዳ ሲሳብ ተጠቅልሎ 1.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ይሆናል። የሚስበው የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ነው። ፍጥነቱ ከበዛ ጥብጣቡ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚያልፍ በትክክል አይጠቀለልም፤ ክሩ እርጥበት ካለው ሲታተም አረፋ ይቋጥራል። የእንጦጦ ጭጋግ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ ክሩን ሳላደርቅ አላትምም።