የትምህርት ግብርና የከተማ ትምህርት ቤቶች ገቢ፤ ከይፋት አካባቢ አንጻር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ በመጀመሪያ የሚያገኘው ከተማ ደብረ ሲና ነው። ከዚያም በታች ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ይዘረጋሉ። እንዲህ ያሉት ከተሞች የቆሙት በመንገድና በገበያ ነው። መንገድና ገበያ ሰውን፣ ሰውም ልጆቹን ያመጣል፤ የትምህርት ቤት ገንዘብ ግን ለብዙ ዘመን የተቆጠረው በልጆች ሳይሆን በመሬት ነበር።

የነገሩ ሥር በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ነው። አዋጁ ሸዋን ጨምሮ በብዙዎቹ ጠቅላይ ግዛቶች መሬቱን ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት መደበው። በአንድ ጋሻም በቅደም ተከተል 15፣ 10 እና 5 ብር ግብር፣ በአሥራት ፈንታ ደግሞ 35፣ 30 እና 10 ብር እንዲከፈል ወሰነ። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94 የተገነባው በዚሁ መሠረት ላይ ሲሆን፣ ገቢው በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውልና የትምህርት ቦርዶች በሥራው እንዲካፈሉ ታስቦ ነበር።

የአዋጁ በጎነት ሊካድ አይገባም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የራሱ የሆነ ቋሚ ገቢ በሕግ ያገኘው በዚህ ነው። ሆኖም ዕድገቱን የሚገታው ልጓም አብሮት ተወለደ። በአንድ ከተማ 200 የነበሩት ተማሪዎች 400 ቢሆኑ፣ የጠመኔና የመጽሐፍ ዋጋ ቢንር፣ ጋሻው ያው ጋሻ፣ ተመኑም ያው ተመን ነው። በሌላ አገር እንዲህ ያለው ገደብ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ሕዝብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በሰጠው ድምፅ የንብረት ግብር መነሻ ግምት በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወስኗል። በእኛ አገር ገደቡ የተቀመጠው በክልከላ ሳይሆን በቆጠራው ስልት ስለ ነበረ፣ ገደብ መሆኑ ሳይታወቅ ኖረ።

ተመኑን ከፍ ማድረግ ወይም መሬቱን እንደገና መለካት ይቻል አልነበረምን? በሕግ ይቻል ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ሽሮ በታወጀ ጊዜ የጎጃም ባላገር በዐመፅ ተነሣ፤ መንግሥትም ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ የቆየውን የግብር ውዝፍ እስከ መማር ደረሰ። መሬትን መንካት የሚያስከትለው ይህ ነበር።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1958 ዓ.ም. ሌላ በር ተከፍቶ ነበር፤ ይህም ትእዛዝ ቁጥር 43 ነው። ትእዛዙ የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር እንዲቋቋምና አውራጃዎች የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን የመሰሉ አገልግሎቶችን እንዲይዙ ያቀደ ነበር። ይሁን እንጂ ገቢውን ለአውራጃዎቹ የሚለቀውን የገንዘብ ሕግ ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። ለእንደራሴነት ዕጩ ለመሆን የንብረት ባለቤትነት መስፈርት በነበረበት ዘመን፣ ከመሬት ግብር ጋር የተያያዘ ጉዳይ በዚያ አዳራሽ ቀላል መንገድ ይኖረዋል ብሎ መጠበቅም የዋህነት ነበር። ሥልጣን ያለ ገንዘብ ወረቀት ላይ ቀረ። ይፋትና ጥሙጋን የመሰለ አውራጃ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ብዛትና ስለ መምህራኑ ቁጥር ሊወስን የሚችልበት ዕድል በዚህ ታለፈ።

ጉድለቱ በመዋጮ ይሸፈን ጀመር። በ1960ዎቹ ዓመታት በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተካሄደው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ የሕዝቡን የገንዘብና የጉልበት ድርሻ የሚጠይቅ ነበር። ሕዝቡም በብዙ ስፍራ አላፈገፈገም። ነገር ግን ሕንፃ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ የመምህር ደመወዝ ግን በየወሩ ይፈለጋል። መዋጮ ግድግዳውን ሊያቆም ይችላል፤ በግድግዳው ውስጥ የሚያስተምረውን ሰው በየወሩ ሊያኖር ግን አይችልም። የገደቡ ክብደት የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ክፍሉ ሲሞላ የሚጨመር መምህር ባለመኖሩ ዋጋውን የከፈለው በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የሚቀመጠው ልጅ ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጋሻ ባለቤትነትን ሲያስቀር ግብሩ የተመሠረተበት አምድ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 103 የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር ለሕዝብ ኮሚቴዎች ሰጠ፤ የኮሚቴዎቹ ዋነኛ መሣሪያም እንደገና መዋጮ ሆነ።

በ1995 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል የበጀት ድጎማ ሲጀመር በቀመሩ ውስጥ የሕዝብ ብዛት፣ የልማት ደረጃና የገቢ አሰባሰብ ጥረት ገቡ። ከመሬት ወደ ሰው መሸጋገሩ ትልቅ ለውጥ ነው። ጣሪያው ግን አሁንም ከላይ ተወስኖ ይወርዳል፤ የወረዳው ምክር ቤት የሚያደርገው የተሰጠውን በየዘርፉ ማከፋፈል ነው። ለትምህርት ከሚደርሰው ድርሻ ቀድሞ የሚነሣው ደመወዝ ነው፤ መጽሐፍ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃና የሕንፃ እድሳት ከሚተርፈው ይጠበቃሉ፤ ካልተረፈም ርእሰ መምህሩ ወላጆችን ለስብሰባ ይጠራል።