ክላሲክ ሞተር ሳይክል በኢንተርኔት ሲገዙ፤ ከፎቶግራፉ በፊት ቁጥሩን ይመልከቱ

አርባና ሃምሳ ዓመት ያስቆጠረ ሞተር ሳይክል ቀደም ሲል የሚገዛው መካኒክ አስከትሎ፣ ዙሪያውን ዞሮ፣ አስነስቶና ነድቶ ነበር። ዛሬ ግን የአብዛኛው ግብይት መነሻ የኮምፒውተር ወይም የስልክ ስክሪን ነው። ለንደን ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ሰው በሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር ያለን ትራያምፍ፣ ሆንዳ ወይም ቬስፓ በአሥር ፎቶግራፍና በአንድ አንቀጽ ጽሑፍ ብቻ አይቶ ቀብድ ይልካል። ከወር በኋላ የሚደርሰው ዕቃ ግን ከሁለትና ከሦስት ሞተር ሳይክሎች የተገጣጠመ፣ ሰነዱ ከቁጥሩ ጋር የማይስማማ ወይም በቀለም ሥር በዝገት የተበላ ሊሆን ይችላል።

በእንዲህ ዓይነቱ ግዢ ሦስት ነገሮች አደጋ ላይ ይወድቃሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ሕግ ነው፤ የተሰረቀ ንብረት ሆኖ ከተገኘ ገዢው ንብረቱንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላልና። ሦስተኛው ሕይወት ነው፤ ሻንሲው በብየዳ የተቀጣጠለ ሞተር ሳይክል በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ቢሰበር ነጂውን የሚከልለው ነገር የለም። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ላለመሆን ምን ማየት እንደሚገባ ቀጥሎ ቀርቧል።

«ክላሲክ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (ፊቫ) አንድን ተሽከርካሪ ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ በቀድሞ ይዞታው ተጠብቆ ሲቆይና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል ሲሆን ነው። ጀርመን ለታሪካዊ ተሽከርካሪዎች የምትሰጠው ልዩ ታርጋም መነሻው 30 ዓመት ነው። በማስታወቂያ ላይ ግን «ክላሲክ» የሚለው ቃል ያለ ገደብ ይሠራበታል።

ሮያል ኤንፊልድን ለአብነት እንውሰድ። ኩባንያው እንግሊዛዊ ሲሆን፣ «ቡሌት» የተሰኘው ሞዴሉ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በሕንድ ማድራስ ከተማ መገጣጠም ጀመረ። የእንግሊዙ ምርት ከቆመ በኋላም የሕንዱ ቡሌት መልኩን ብዙ ሳይቀይር ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። ስለዚህ በ1990ዎቹ የተሠራ ቡሌት በፎቶግራፍ ላይ የ1950ዎቹን ይመስላል። በተመሳሳይ፣ ትራያምፍ ቦኔቪል ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. ለ1959 ሞዴል ሲሆን፣ ሜሪደን የነበረው ፋብሪካ በ1983 ተዘጋ፤ በሌላ ባለቤት የተነሣው አዲሱ ትራያምፍ ደግሞ በ2001 ሌላ ቦኔቪል አወጣ። ስሙ አንድ ቢሆንም ሁለቱ በዕድሜም በዋጋም የተለያዩ ናቸው። በመሆኑም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «በየትኛው ዓመት፣ የት ተሠራ?» መሆን አለበት።

ቁጥሩ ምን ይናገራል?

እያንዳንዱ ሞተር ሳይክል ቢያንስ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ በሻንሲው ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመሪው አንገት አካባቢ፣ ሌላው በሞተሩ አካል ላይ ይመታል። ሻጩ የሁለቱንም ቁጥሮች ጥርት ያለ ፎቶግራፍ እንዲልክ ይጠይቁ። ካንገራገረ ወይም ቁጥሩን በጣቱ ሸፍኖ ካነሣ ምክንያቱን ያብራራ፤ አጥጋቢ መልስ ከሌለው ፍለጋዎን ወደ ሌላ ማስታወቂያ ያዙሩ።

«ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ» የሚለው አባባል በየማስታወቂያው ይገኛል። ትርጉሙ ግን እንደየፋብሪካው ይለያያል። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ባለ ሁለት ሲሊንደር ትራያምፎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሻንሲና የሞተር ቁጥራቸው አንድ ዓይነት ነበር። የሆንዳ ሁለት ቁጥሮች ግን መጀመሪያውኑ የተለያዩ ናቸው። የሆንዳ ሲቢ 750 ቁጥሮች አንድ ናቸው የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሰውየው ወይ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይም ቁጥሩን አንድ ሰው እንደገና መትቶታል።

ትራያምፍ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ በቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ይመታ ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ወሩን፣ ሁለተኛው የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል። ለምሳሌ «ኤን» ጥቅምት፣ «ኤች» ሐምሌ ሲሆኑ (ወራቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፣ «ሲ» 1969ን፣ «ዲ» 1970ን፣ «ጂ» 1972ን ይወክላሉ። እንግዲህ በ«ኤን» እና በ«ዲ» የሚጀምር ቦኔቪል በጥቅምት 1969 የተሠራ የ1970 ሞዴል ነው። ሻጩ «የ1969 ነው» ቢል ዋሽቷል ለማለት አይቻልም፤ በሞዴል ስሌት ግን 1970 ነው። ሞተሩ በ«ኤን» እና በ«ዲ»፣ ሻንሲው ግን በ«ኤች» እና በ«ጂ» የሚጀምር ከሆነ ግን የቀረበልዎት ዕቃ ከሁለት ሞተር ሳይክሎች የተገጣጠመ ነው። ቢነዳም ዋጋው የሙሉ ኦሪጅናል ዋጋ ሊሆን አይገባም።

ሌላው ምሳሌ ሆንዳ ሲቢ 750 ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአራት ሲሊንደር ሞተር፣ በፊት ዲስክ ፍሬንና በኤሌክትሪክ ማስነሻ ገበያ ሲገባ የሞተር ሳይክልን ዓለም ለውጧል። የመጀመሪያዎቹ 7,414 ሞተር ሳይክሎች የሞተር አካላቸው ሸካራ በመሆኑ ሰብሳቢዎች «በአሸዋ ቅርጽ የተቀለጡ» ይሏቸዋል፤ በእርግጥ የተሠሩት በብረት ቅርጽ ነው፣ ስሙ ግን ጸንቶ ቀርቷል። ዋጋቸው ከኋለኞቹ እጅግ የላቀ ስለሆነ ብዙ ሻጭ የ1969 ሆንዳ ሁሉ ከእነዚህ እንደሆነ አድርጎ ያቀርባል። መለያው ቀላል ነው። የሻንሲው ቁጥር ከ1007414 በላይ ከሆነ ማስታወቂያው ትክክል አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ተሽከርካሪ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። አሥረኛው ቦታ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል። «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተሰኙት ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር ስለሚያምታቱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለበት በንባብ ስህተት አለ፣ ወይም ቁጥሩ የሐሰት ነው።

ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ራሱ ይመርመር። በሞረድ የተፋቀ፣ ከአካባቢው ዝቅ ያለ፣ አኃዞቹ የተንሻፈፉ ወይም በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ከሆነ ያጠራጥራል።

ሰነድ

ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። በአገራችን ሊብሬ የምንለው፣ በአሜሪካ «ታይትል» ይባላል። «ሰነዱ ጠፍቷል፣ በቀላሉ ይወጣል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ራሱ አውጥቶ ይሽጥልዎ። በአሜሪካ ታይትል ላይ «ሳልቬጅ» የሚል ምልክት ካለ ተሽከርካሪው በአደጋ ወይም በሌላ ጉዳት ከጥቅም ውጭ ተብሎ ነበር ማለት ነው።

በብሪታንያ የመመዝገቢያው ደብተር የተመዘገበውን ያዥ እንጂ የግድ ባለቤቱን እንደማያሳይ በራሱ ላይ ተጽፏል። በአንጻሩ የዓመታዊ ምርመራ ታሪክ በመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ በየምርመራው የተመዘገበው የርቀት ቆጣሪ ንባብ አብሮ ስለሚታይ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሆነ ይታወቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና በመሠረቱ ያልተለወጡ ተሽከርካሪዎች ከዚህ ምርመራ ነፃ ስለሆኑ፣ የቅርብ ጊዜ መዝገብ ላይኖራቸው ይችላል።

ለእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የብሪታንያ የጥንታዊ ሞተር ሳይክል ክበብ የበርካታ ፋብሪካዎችን የድሮ መዛግብት ይዞ በክፍያ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ብዙ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማጣራት ይበጃል።

የቬስፓ ትምህርት

በአዲስ አበባም ሆነ በአሥመራ ቬስፓ የማያውቅ ጎልማሳ ጥቂት ነው። ጣሊያናዊው ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው ይህ ስኩተር የተለየ ሻንሲ የለውም፤ የታጠፈው ቆርቆሮ ራሱ ሻንሲው ነው። ስለዚህ ወለሉ ከዛገ የተበላሸው መልኩ ሳይሆን አጥንቱ ነው።

በቬትናም በርካሽ ታድሰው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገዢዎች የተሸጡ አሮጌ ቬስፓዎች ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ሆነዋል። ቀለማቸው ደማቅ፣ ክሮማቸው አንጸባራቂ ነበር። ቀለሙ ሲነሣ ግን ወፍራም ስቱኮ፣ ከተለያዩ ሞዴሎች ተቆርጦ የተበየደ ቆርቆሮና ከመስመር የወጣ አካል የተገኘባቸው ብዙዎች ናቸው። ሁሉም የቬትናም ቬስፓ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ሻጩ ከወለሉ በታች ያለውን ክፍል፣ ቢቻል ከመቀባቱ በፊት የተነሣውን ጭምር፣ በፎቶግራፍ ካላሳየ የሚገዙት ቀለም ብቻ ነው። በአካል የሚያየው ሰው ካለ ማግኔት ይዞ ይሂድ፤ ስቱኮ ባለበት ማግኔት አይይዝም።

ሞተሩን ከሩቅ መስማት

ሻጩ ሞተሩን ከቀዝቃዛ ሲያስነሣ ሳይቆራረጥ በቪዲዮ እንዲቀርጽ ይጠይቁ። በቀረጻው መጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ነክቶ መቀዝቀዙን ያሳይ፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ሕመም ይደብቃልና። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ነጭ ጭስ ግን አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው። እንደ አሮጌው ቬስፓ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሰጣቸው ሞተሮች በተፈጥሯቸው ስለሚያጨሱ በዚህ መለኪያ አይዳኙም።

«ካርቡሬተር ማጽዳት ብቻ ነው የቀረው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጥንቃቄ ይነበብ። ካርቡሬተር ማጽዳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ሠርቶ ዋጋውን ማሳደግ የሚችል ሻጭ ለምን ተወው? ምናልባት ሞክሮ አልተነሣለትም። ቢያንስ የኮምፕሬሽን ልኬት ይጠይቁ፤ ሞተሩ ጭራሹን የማይዞር ከሆነ ዋጋውን እንደ መለዋወጫ ይቁጠሩት።

ጎማም ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ጎማዎች ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ። 2316 የሚል ካዩ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «ባለፈው ወር ረጅም ጉዞ ሄጄበታለሁ» የሚል ሻጭ የሃያ ዓመት ጎማ ላይ ከሆነ ወይ አልነዳውም፣ ወይም ለነፍሱ አያስብም።

ዋጋ፣ ክፍያና ማጓጓዝ

በማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ የሻጩ ምኞት እንጂ የገበያው ዋጋ አይደለም። እንደ ኢቤይ ባሉ ገጾች የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ የጨረታ ቤቶችም ውጤታቸውን ያትማሉ። በዚህ ላይ የማደሻውን ወጪ ይደምሩ። ክሮም ማስነከር፣ መቀመጫ ማሰፋት፣ ሞተር ማውረድና ማጓጓዝ ሲደመሩ ከግዢው ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። ያረጀ ግን ያልተነካ ኦሪጅናል ቀለም ከአዲስ ቀለም የተሻለ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜም አለ፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስምና።

ዋጋው ከገበያው በግማሽ ያነሰ፣ ሻጩ «ውጭ አገር ነኝ፣ ወኪል ያደርስልዎታል» የሚል፣ ገንዘቡም በሐዋላ እንዲላክ የሚጠይቅ ከሆነ የቀረበልዎት ሞተር ሳይክል ላይኖር ይችላል። ቀላሉ መፈተኛ፣ የዕለቱን ቀንና የእርስዎን ስም በወረቀት ጽፎ ከሻንሲው ቁጥር አጠገብ አድርጎ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ መጠየቅ ነው። ይህ ለእውነተኛ ባለንብረት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ያሰበ ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን በጽሑፍ ይጠይቅ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ፣ አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ መጣሏ ይታወሳል። የተገዛ ንብረት ወደብ ላይ ቆሞ ቢቀር ኪሳራው የገዢው ነው።

በአጠቃላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሰነድ፣ ከዚያ አካልና ሞተር፣ በመጨረሻ መልክ። ብዙ ገዢ የሚከስረው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በመልኩ ስለሚጀምር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ አንድ ሳምንት በማጣራት የሚያልፍ ጊዜ ከጠፋ ቁጠባ ይልቅ ይረክሳል። አሮጌ ሞተር ሳይክል ሃምሳ ዓመት ጠብቋል፤ ሰባት ቀን ቢጨምር አይጎዳም።