የዓለም ስኑከር ሻምፒዮና፦ የመፍረስና የመነሣት ታሪክ

ስኑከር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ የሰፈሩ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች የጀመሩት የጠረጴዛ ጨዋታ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ነጩን ኳስ በስቲክ እየመቱ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ የሚያስገኙ 15 ቀይ ኳሶችን፣ እንዲሁም ከቢጫው 2 እስከ ጥቁሩ 7 ነጥብ የሚያወጡ ስድስት ባለቀለም ኳሶችን ወደ ቀዳዳ ለማስገባት ይፎካከራሉ። ኳሶቹ ከተደረደሩበት ጊዜ አንሥቶ አሸናፊው እስኪለይ ያለው አንድ ዙር ፍሬም ይባላል። ጨዋታው የዓለም ሻምፒዮና እንዲኖረው ያደረገው እንግሊዛዊው ጆ ዴቪስ ነበር፤ ክብሩ ሁሉ ለቢሊያርድ በነበረበት በዚያ ዘመን ውድድሩ እንዲዘጋጅ አሳምኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በበርሚንግሃም በተደረገው የመጀመሪያ ፍጻሜ ቶም ዴኒስን 20 ለ 11 በሆነ የፍሬም ውጤት ረትቶ 6 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ተሸለመ።

ዴቪስ ዋንጫውን 15 ጊዜ ከወሰደ በኋላ በ1946 ማንም ሳያሸንፈው ከሻምፒዮናው ራሱን አገለለ። ይህ ለእርሱ ታላቅ ክብር ቢሆንም ውድድሩን ግን ጎድቶታል፤ ያልተሸነፈው ሰው በሕይወት እያለና ሌላ ቦታ እየተጫወተ ሻምፒዮን መባል ክብደቱ ቀንሶ ነበርና። በ1952 ደግሞ ተጫዋቾቹ ጨዋታውን ከሚመራው አካል ጋር በገንዘብ ጉዳይ ተጣልተው የራሳቸውን ውድድር በማቋቋማቸው፣ በይፋዊው ሻምፒዮና የቀረቡት የአውስትራሊያው ሆራስ ሊንድረምና የኒውዚላንዱ ክላርክ ማኮናኪ ብቻ ሲሆኑ ድሉ የሊንድረም ሆነ። የተጫዋቾቹም ውድድር ከ1957 በኋላ ተቋርጦ፣ እስከ 1964 ድረስ የዓለም ሻምፒዮና የሚባል ነገር አልነበረም።

ጨዋታውን ያነሣው ባለቀለም ቴሌቪዥን ነው ማለት ይቻላል። ቢቢሲ በ1969 አዲሱን ቴክኖሎጂ የሚያሳይበት መርሐ ግብር ሲፈልግ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ የተበተኑ ባለቀለም ኳሶችን የሚያህል አላገኘም፤ ሻምፒዮናውም በዚያው ዓመት ተሸናፊው ወዲያው ወደሚሰናበትበት የጥሎ ማለፍ ሥርዓት ተመለሰ። ከ1977 ጀምሮ የተካሄደው ሸፊልድ በሚገኘው፣ አንድ ሺህ ተመልካች እንኳ በማይይዘው የክሩሲብል ቴአትር ቤት ሲሆን፣ የአዳራሹ ጥበት ተመልካቹን ከጠረጴዛው አጠገብ ስለሚያስቀምጠው ጭንቀቱ ለሁሉም ይደርሳል።

የ1985ቱ ፍጻሜ የዚህ ምስክር ነው። በ1980ዎቹ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ስቲቭ ዴቪስ (ከጆ ጋር ዝምድና የለውም) የሰሜን አየርላንዱን ዴኒስ ቴይለርን 8 ለ 0 ሲመራ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎ ነበር። ቴይለር ግን ቀስ በቀስ ደርሶ 17 እኩል ሆኑ፤ በመጨረሻው ፍሬም ዴቪስ 62 ለ 44 እየመራ አራት ኳሶች ብቻ ሲቀሩ፣ ቴይለር ቡናማውን፣ ሰማያዊውንና ሮዙን ተራ በተራ አስገብቶ ሁሉን ነገር በጥቁሩ ላይ አንጠለጠለው። ሁለቱም ደጋግመው ከሳቱ በኋላ ዴቪስ ያገኘውን ቀጭን ምት ሲያበላሽ ቴይለር ጨረሰው፤ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት አልፎ እንኳ 18.5 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ይከታተል ነበር። ስኑከር ከዚህ የበለጠ ሌሊት አላየም።

በክሩሲብል ዘመን የድል ብዛት ክብረ ወሰን የሁለት ሰዎች ሲሆን፣ ስኮትላንዳዊው ስቲቨን ሄንድሪ በ1990ዎቹ ሰባት ጊዜ ሲነግሥ፣ እንግሊዛዊው ሮኒ ኦሱሊቫን በ2022 በ46 ዓመቱ ሰባተኛውን ወስዶ በዚህ ቴአትር ቤት ያሸነፈ በዕድሜ ትልቁ ሻምፒዮን ሆኗል። ከ1969 እስከ 2025 ባለው ጊዜ ዋንጫው ከብሪታኒያና ከአየርላንድ የወጣው አራት ጊዜ ብቻ ነው፦ በ1980 በካናዳዊው ክሊፍ ቶርበርን፣ በ2010 በአውስትራሊያዊው ኒል ሮበርትሰን፣ በ2023 በቤልጂየማዊው ሉካ ብሬሰል፣ በ2025 ደግሞ የመጀመሪያው እስያዊ ሻምፒዮን በሆነው በቻይናዊው ዣኦ ሺንቶንግ።