ሰምና ወርቅን ያስተማረ እጅ

በእሳት ፊት የሚቆሙ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ቀጥቃጭ ነው፥ ሁለተኛውም ተዋጊ ነው። ቀጥቃጩ ጦሩን ከእሳት ያወጣል፤ ተዋጊውም ያንኑ ጦር ይዞ በእሳት ዙሪያ ይፎክራል። በኢትዮጵያ ግን የፎከረው ስሙ በዜና መዋዕል ሲጻፍ፥ የቀጠቀጠው ስሙ በክታብ ተጻፈ። ይህ እንደምን እንደ ሆነ መመርመር ለካህኑም ለሊቁም የሚገባ ነው።

የቀጥቃጭ ቤት ሥራ ለሚያስተውለው ሰው ትምህርት አለበት። ከሰሉ በምድጃው ተከምሮ ይለኮሳል፤ ከፍየል ቆዳ የተሰፋው ወናፍም ጥንድ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲነሣ ሁለተኛው ይጫናልና ነፋሱ አይቋረጥም። ብረቱ አስቀድሞ ይቀላል፥ ቀጥሎ ወደ ብጫነት ይለወጣል፥ በመጨረሻም ወደ ነጭነት ይቀርባል። ቀጥቃጩ የእሳቱን ልክ የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ነው። በጉጠት ይዞ፥ በመስፍ ላይ አኑሮ፥ በመዶሻ እየመታ መልክ ይሰጠዋል። ስለቱ በግሎ ሳለ ከውሃ ሲነከር ይጠነክራል፤ ያለ ልክ ቢጠነክር ግን ይሰበራልና ልኩን ማወቅ የሙያው ሁሉ ራስ ነው። ከዚሁ ከአንዱ ምድጃ ማረሻና ማጭድ ይወጣል፥ ምሳርና መጥረቢያም ይወጣል፥ ጦርና ጎራዴም ይወጣል። ገበሬው ያለ እርሱ አላረሰም፤ ወታደሩም ያለ እርሱ አልዘመተም።

የተዋጊው እሳት ደግሞ ደመራ ነው። መስከረም 16 ቀን ሕዝቡ ሁሉ ችቦውንና እንጨቱን አምጥቶ በአንድነት ይደምረዋል፤ ካህናቱም ጸልየው ዞረው ያስለኩሱታል። ምሥጢሩ ንግሥት እሌኒ በ4ኛው መቶ ዓመት በዕጣን ጢስ ተመርታ የጌታችንን መስቀል ማግኘቷ ነው። ነገር ግን ወራቱ ዝናሙ የሚያበቃበት፥ ወንዙም የሚጎድልበት ስለ ሆነ፥ በቀድሞ ዘመን ለዘመቻ መንገድ የሚከፈትበት ወራት ነበር። ስለዚህ መኳንንቱ ጭፍሮቻቸውን አስከትለው፥ ጋሻና ጦር አስይዘው በንጉሡ ፊት ይሰለፉ ነበር፤ ወታደሩም ጀብዱውን እየቈጠረ ይፎክር ነበር። የመካከለኛው ምሰሶ ወደየት እንደ ወደቀ ታይቶ ስለ ዘመኑ ይተነበያል፤ በዐመዱም ግንባር ላይ የመስቀል ምልክት ይደረጋል። ይህ በዓል በ2006 ዓ. ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የደመራው እሳት እንዲህ ሲከበር የምድጃው እሳት ግን ተፈራ። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው ተባለ፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፥ ሌሊትም ጅብ ይሆናል ተባለ። በጎንደር አካባቢ ብዙዎቹ ቀጥቃጮች ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ እነርሱም በ15ኛው መቶ ዓመት በዓፄ ይስሐቅ ዘመን ርስታቸውን አጥተው በእጅ ሥራ ወደ መኖር እንደ ገቡ በትውፊት ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው በሙያው አደረ፤ በሙያው ስላደረም ተነወረ። ከዚህም የሚያሳዝነው በክርታስ ላይ በሚጻፈው ክታብ ቡዳና ነሃቢ ከአጋንንት ጋራ ተጣምረው መጻፋቸው ነው። ነሃቢ ማለት በግእዝ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነውና፥ የሰውን ሙያ ከርኵሳን መናፍስት ስም ጋራ ያሰለፈው ብዕር የመሃይም ብዕር አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ብዕር ነው።

ለዚህ ነቀፋ ምክንያት የሚፈልጉ ሰዎች ቶቤል ከቃየል ዘር መወለዱን ይጠቅሱ ይሆናል። ነገር ግን በኦሪት ዘፀአት ባስልኤል በወርቅ፥ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ መንፈሰ እግዚአብሔር እንደ መላበት ተጽፏል። ሲራክም በምድጃው ወላፈን ፊት የሚደክመውን ቀጥቃጭ ጠቅሶ፥ ያለ እንደዚህ ያሉ ሠራተኞች ከተማ እንደማይቆም ይናገራል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ ደግሞ ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል አገር ቀጥቃጭ እንዳይገኝ ስለ ከለከሉ፥ በጦርነቱ ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍና ጦር የያዘ አልተገኘም። በእስራኤል ቀጥቃጩን ያጠፋ ጠላት ነበር፤ ቀጥቃጩን በገዛ አፉ የሚያጠፋ አገርስ ከጠላት ምን ይጠብቃል?

ዓፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ. ም.) ይህን አስቀድመው ተረድተውት ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ለወንጌል ስብከት የመጡትን የአውሮፓ የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች መድፍ አሠሯቸው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ወደ 6 ወር ገደማ ፈጀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ። ሆኖም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላ ወደቀ፤ መድፉም እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ይገኛል። የአገሩ ቀጥቃጭ እየተሰደበ ሲኖር ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ በስውር ከማለፍ በቀር ሊሰፋ አልቻለምና፥ ንጉሡ የእሳትን ጥበብ ከባዕድ ለመለመን ተገደዱ።

ዓፄ ምኒልክም በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከስድቡ እንዲከለከል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ ብሎ መስደብ በዚያ ዐዋጅ በስሙ ተጠቅሶ ተነቅፏል። ጠይብ የተባለው ቃል ጠቢብ ከሚለው ጋራ አንድ ዘር መሆኑን ሊቃውንት ያውቃሉ። ስሙ ምስጋና ሳለ ስድብ ሆኖ ኖረ፤ ሰሙ ስድብ፥ ወርቁ ምስጋና ነው።

ቅኔ ቤት ራሷ ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለችም። ሰምና ወርቅ የሚባለው የቅኔ መንገድ የአንጥረኛ ቤት ምሳሌ ነው። አንጥረኛው መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፥ ያደርቀዋል፥ ከእሳትም ያገባዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲፈስ በባዶው ስፍራ የቀለጠውን ወርቅ ወይም ናስ ያፈስበታል፤ ጭቃውም ሲሰበር መስቀሉ ይገለጣል። ባለ ቅኔው የሚመሰገንበትን ምሥጢር ያስተማረው እጅ ይህ ነው።

ቤተ እስራኤል በ1977ና በ1983 ዓ. ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ በጎንደር አካባቢ ብዙ ምድጃ ጠፋ። የቀረው ቀጥቃጭ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማረሻ እየሠራ ገበሬውን ያሳርሳል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ካህኑ የእጅ መስቀሉን ለምእመናን ሲዘረጋ፥ ብዙ ጊዜ ሠሪው ይህ የተሰደበው ሰው ነው። መስቀሉን የሚሳለም አፍ የሠራውን እጅ እንዳይሰድብ ማስተማርም የካህኑ ፋንታ ነው።