ኩባንያ የቆረቆራት፣ ሕዝብ ያኖራት ከተማ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ዳገቱ ስላስቸገረና ወጪው ስለከበደ ግን በ1895 ዓ.ም. (በ1320 ዓመተ ሂጅራ) ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ደረሰ። በጣቢያው ዙሪያ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። «አዲስ ሐረር» ቢባልም ሕዝቡ ድሬዳዋ አለው፤ የጸናውም የሕዝቡ ስም ነው።

ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ከዚራን በቀጥተኛ መንገዶች አሰምሮ ጣቢያውን፣ ጋራዡንና የሠራተኞቹን ቤቶች ሠራ። ከወንዙ ማዶ፣ በመጋላ፣ ኦሮሞው፣ ሱማሌው፣ ሐረሪውና ዐረቡ ገበያቸውንና መስጊዳቸውን አቆሙ።

የመጀመሪያው ኩባንያ ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። ተተኪው ሐዲዱን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው፤ እርሱም በጊዜው አለፈ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። መጋላ ግን ዛሬም ይገበያያል፤ አዛኑም ይሰማል።

ውድ የመገናኛ ጀማዓ! ኩባንያ ትርፉ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ጎረቤት ተጋግዞ ያቆመው ይቆያል። ሰፈር በሚፈርስበትና በሚሠራበት በዚህ ዘመን፣ ጀማዓው ከተበተነ ሕንፃው ብቻውን ሰፈር አይሆንም። አላህ አንድነታችንን ይጠብቅልን። ኣሚን።