የሌሊት ቃል

በአብነት ትምህርት ቤት ቀንና ሌሊት የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ቀን በብርሃን መጽሐፍ ይታያል፤ ዳዊት ይደገማል። ከራት በኋላ ግን መብራት የማይሻው የቃል ትምህርት ይመጣል። የኔታ በጨለማ ይላሉ፣ ተማሪው ይከተላል፤ ውዳሴ ማርያም ከአፍ ወደ ጆሮ ይሻገራል። ልጁ ቃሉን እያነበነበ ይተኛል፣ ንጋት ላይ ተነሥቶ ይቀጽላል። የመብራት ችግር ያወጣው ሥርዓት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ትምህርቱን ከእንቅልፍ ጋር ያጎራበተው ግን ይኸው ችግር ነው።

ፈረንጆቹ ነገሩን በሚዛን ያዩት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስጠኑ። ተማሪዎቹ አጥንተው ሲተኙ፣ ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አስታወሱ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ግን እንቅልፍን እንደ መጋረጃ ነበር ያዩት፦ አዲስ ነገር ስለማይገባ የነበረው አይረበሽም፣ በቃ። ሰባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1994፣ ዊልሰንና ማክኖተን አይጦች ሲንቀሳቀሱ አብረው የሠሩ የሂፖካምፐስ ሕዋሳት በኋላ በእንቅልፍ ጊዜም አብረው እንደሚሠሩ አሳዩ። ከመጋረጃው ጀርባ ክለሳ ነበር ማለት ነው። በ2004 ሁበርና ባልደረቦቹ ነገሩን ከሌላው ጫፍ ያዙት። እጃቸውን በአዲስ መንገድ ማንቀሳቀስ የተማሩ ሰዎች ሲተኙ፣ ለዚያ ሥራ የተጠቀሙበት የአንጎል ክፍል የጥልቅ እንቅልፍ ሞገዱ በረታ፤ በበረታበት ሰው ላይም የማግስቱ ሥራ ይበልጥ ተሻሻለ። ቀን የተማሩት ነገር የሌሊቱን እንቅልፍ ራሱን ይለውጠዋል።

የቃል ትምህርት ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም አለ። ከጆሃንስበርግ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቴምቢሳ አጠገብ ባለችው አይቮሪ ፓርክ ስፓዛ ሱቅ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ዙሉኛን በጆሮው ነው የሚማረው፤ ደብተር የለውም፣ መምህሩ ከፍርግርጉ ወዲያ የቆመው ደንበኛ ነው። መጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ የዳቦና የስኳር ስም፣ ቀጥሎ (ማንም ሳያስተምረው) ስድቡ።

ብዙው የሚተኛው እዚያው፣ ከዕቃው መካከል ነው። የቆሎ ተማሪውን የሚቀሰቅሰው የየኔታ ድምፅ ነው፤ የሱቁን ልጅ የሚቀሰቅሰው የቆርቆሮ ኮሽታ። በግንቦት 2008 ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ የተዛመተው በስደተኞች ላይ የደረሰው ጥቃት ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ጆሮን በሩ ላይ ጥሎ መተኛት አልቀረም። በዚያ በተቆራረጠ እንቅልፍ የሚከለሰው ቃል ግን፣ ነገ በፍርግርጉ ጠብ ሲነሣ ‹ምፎዌቱ›፣ ወንድሜ፣ ብሎ የሚያበርድበት ነው።